በመቃብሩ በኩል ወደ ባሕር

ጁላይ 9

ዛሬ የሩዝ ቂጣው ግማሹ ሳይሸጥ ተረፈ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨምሬበት ኖሯል። ደንበኞቼ ደግሞ ዝም የሚሉ አይደሉም። «ሳሁንድራ፣ ዛሬ ለሰርግ ነው የጋገርሽው?» ይሉኛል። ሳቅኩላቸው። ቀልቤ ግን የራዛፊ ደብዳቤ ላይ ነበር።

ራዛፊ የባሌ የሱሉፉ ታላቅ እህት ናት። በደቡብ፣ ከአምባላቫዎ አለፍ ብሎ ባለው በመንደራቸው በቮሂማራ ነው የምትኖረው። በኦገስት የአባቶቻቸው መቃብር ይከፈታል ትላለች። አጥንቶቹ ይወጣሉ፣ አዲስ ሐር ይለብሳሉ፣ በትከሻ ተይዘው ይጨፈራል፣ ተመልሰው ይገባሉ። ከተከፈተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ደብዳቤ ነው። ከታች ግን እንዲህ ብላ ጨምራለች፦ «የሚስትህንም የመቃብር ሰዎች ጠርቻለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳንጋብዛቸው መቅረታችን ነውር ነው። ዋና ከተማ ያለው የአክስታችን ልጅ ጥሪውን ራሱ ያደርስላቸዋል።»

የመቃብር ሰዎቼን!

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እናቱ «የልጅቷ መቃብር ወዴት ነው?» ብላ ስትጠይቀው ሱሉፉ የአንድ መንደር ስም ጠራላት። በስተሰሜን ያለ፣ በመኪና መስኮት አይቶት ያለፈ መንደር። እናቱም «ደግ» ብላ አለፈች። የእኔ አባት ግን ከሩዝ ማሳችን ዳር፣ አፈር ውስጥ ነው የተኛው። የድንጋይ ቤት የለው፣ በር የለው። የአያቴ እናት የሰው ንብረት ነበረች፤ የሰው ንብረት ደግሞ የአባቶች መቃብር አይኖረውም። ይኸው፣ ጻፍኩት። እነሱ ይህን ቢያውቁ እኔን ከመቃብራቸው አያስጠጉኝም። እኔን ይዞ የሚኖረውንም እንደዚያው።

ሱሉፉ ደብዳቤውን አንብቦ አጠፈና ኪሱ ከተተው። «ባሕሩን አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ማን ያሳየኛል?» አልኩት። ሃያ ሰባት ዓመት በዚያ መንገድ ሰው ጭኖ ሲመላለስ እኔን አንድ ቀን ይዞኝ ሄዶ አያውቅም። ሁልጊዜ ወንበሩ ሞልቷል።

«አሁን ወንበሩ ባዶ ነው። በመንደሩ አድርገን ባሕር እንወርዳለን» አለ።

ባለፈው ሳምንት ለጨጓራው ነገር ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። ምን አሉህ ብዬ ስጠይቀው፣ «ዕረፍት አድርግ አሉኝ» አለ። እንግዲህ ዕረፍት ይሆነዋል።

ጁላይ 13

ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ፣ «ጫጉላችሁን ነው የምትወጡት? አልዘገያችሁም?» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰውዬሽ ግን ምን ነካው? አለቀ እኮ!» አለች።

«መኪናውን ሲጠግን ነው የደከመው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ከአሮጌዋ ቢጫ መኪና ሥር አልወጣም።

ማታ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በሳሁለት። ቆዳ ሲያረጅ ይለጠጣል።

ጁላይ 16፣ አንትሲራቤ

ብርድ። ጣቴ አይታዘዘኝም።

ሱሉፉ እዚህ መንገድ ላይ ንጉሥ ነው ለካ! ምግብ ቤቱ ሁሉ፣ ጎማ ለጣፊው ሁሉ፣ ኬላ ላይ የቆመው የመንገድ ፖሊስ፣ ጄንዳርሙ ሳይቀር በስሙ ይጠራዋል። «አንተ ሽማግሌ፣ አልሞትክም እንዴ?» ይሉታል። «ተራዬን እየጠበቅኩ ነው፣ ሰልፉ ረዘመ» ይላቸዋል። ይስቃሉ። እኔም ሳቅኩ።

ቁርስ የበላንበት ቤት ያለችው ሴትዮ ሩዙን ቆልላ አመጣችለት። ሁለት ማንኪያ ቀመሰና ከድስቱ ሥር ባረረው ሩዝ ላይ የተፈላውን ውሃ ብቻ ጠጣ። «ሚስትህ ናት? እንዲህ ያለች ሴት ደብቀህ ነው የኖርከው?» አለችው። ሲወጣ የመኪናውን ማንሻ ለጎማ ለጣፊው ሰጠው፣ የቆዳ ኮፍያውን ለሴትዮዋ ባል። ማንሻ ሳንይዝ በዚህ መንገድ ወዴት ነው የምንሄደው ብዬ ተቆጣሁ።

«ጎማ ቢፈነዳ ሰው ያቆምልሻል» አለ።

«ያቆምልሻል» ነው ያለው። «ያቆምልናል» አላለም። አፉን ስቶት ነው።

ጁላይ 17

መንዳት ካላስተማርኩሽ ብሎ ያዘኝ። በሃምሳ አራት ዓመቴ! ከከተማው ወጣ ብሎ ገበሬዎች ሩዝ ባጨዱበት ሜዳ ላይ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ መኪናዋ እንደ ሰንጋ ትዘላለች። ልጆች ከየት መጡ ሳይባል ተሰብስበው ያጨበጭቡልኝ ጀመር። ሞተሩ ስምንት ጊዜ ጠፋብኝ። ሱሉፉ አንድም ጊዜ አልጮኸም። ያ ነው የገረመኝ፤ ይህ ሰው ጨው ሲያንስ የሚጮህ ሰው ነው።

ጁላይ 19

ነዳሁ። በዋናው መንገድ። ሦስተኛ ማርሽ። መንጃ ፈቃድ የለኝም።

ጄንዳርሙ አስቆመኝ። ሱሉፉ በመስኮት ብቅ ብሎ «ከእንግዲህ ሹፌሯ እሷ ናት፣ ፊቷን ያዙት» አለው። ጄንዳርሙ አየው፣ ቆየ፣ ከዚያ ሰላምታ ሰጠና አሳለፈን። ለምን እንደዚያ ቆሞ እንዳየው አልገባኝም።

ጁላይ 23፣ ከአምቡሲትራ ወዲህ

ዛሬ እሱ ተኝቶ እኔ ነዳሁ። ተራራውን እርከን እርከን የያዘው ሩዝ ማሳ ውሃው ፀሐይ ሲነካው መስተዋት ይመስላል። ይህን ሁሉ እሱ ብቻውን ሲያይ ኖሯል! ቀንቼበት ተናደድኩ፤ ከዚያ የተኛ ሰው ላይ መናደዴ አሳፈረኝ።

ሲነቃ ከኮረብታው ላይ የድንጋይ መቃብር አየሁና «ይኸን ያህል ትልቅ የማነው?» ብዬ ጠቆምኩ። ጣቴን ያዝ አድርጎ አጠፈልኝ። መቃብር በቀና ጣት አይጠቆምም፤ ሕፃን ያውቀዋል። መሪውን ይዤ ስለነበር ረስቼው ነው።

ከዚያ ስለራሱ ቦታ አወራኝ። ሰባት ዓመት ሲሆነው መቃብሩ ተከፍቶ አባቱ በትከሻው ተሸክሞ አስገባው። በስተሰሜን ካለው የድንጋይ አልጋ ላይ፣ በአያቱና በግድግዳው መካከል ባዶ ቦታ አለ። «ይቺ ያንተ ናት» አለው። «አልፈራህም?» አልኩት። «ምን ያስፈራል? ቤት ያለው ሰው መሆኔን ያን ቀን አወቅኩ» አለ።

  የእኔ ሰዎች ቦታ የሚያሳዩት ሩዝ ለመትከል ብቻ ነው።

ጁላይ 27፣ ፊያናራንትሶዋ

ሱሉፉ ከተኛ በኋላ ነው የምጽፈው።

መናኸሪያው ጋ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። ሱሉፉ ወርዶ ከድሮ ባልደረባው ጋር ከአንድ የጭነት መኪና ጀርባ ቆሞ ያወራል። ያለሁበት መስኮት ክፍት ነበር።

«ያክስትህ ልጅ ጥሪውን ይዞ ሄዶ ሰዎቹን አጣቸው አሉ። 'እንዲህ የምትባል ልጅ የለችንም' አሉት።»

«የተሳሳተ መንደር ሄዶ ይሆናል።»

«ተው እንጂ ሱሉፉ፣ እኔን? መቃብር የላትም እያሉ ነው። ያቺን ቃልም ብለዋታል። ሽማግሌው አጎትህ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰም።»

«እሺ።»

«እሺ ምን ማለት ነው? ቦታህን ይሰርዙብሃል እኮ! እንዲህ ሆነህ ሳለህ...»

ቀጥሎ ያለውን የአንድ መኪና ጥሩንባ ዋጠው።

ሱሉፉ ተመለሰና «ነዳጁ ውድ ሆኗል» አለኝ። እኔም «አዎ ውድ ነው» አልኩት።

ጥፋቱ የማን ነው? ራዛፊ ልታከብረኝ ብላ ነው የጠራችው። ከተናቀ ሰው ደጅ ጥሪ አይላክም። የክብር ጥሪዋ ነው ገመናዬን ያወጣው። እኔስ? ሠላሳ አንድ ዓመት «የሰሜኗ ምራታችን» ሲሉኝ ፈገግ ብዬ የኖርኩት ማን አስገድዶኝ ነው?

ጁላይ 30፣ አምባላቫዎ

የከብት ገበያው ደርሶብን መንገድ አጥተን ዋልን።

ሱሉፉን «በቀጥታ ወደ ባሕሩ እንሂድ፣ መንደሩን እንተወው» አልኩት። «ዘንድሮ ካልገባሁ መቼ እገባለሁ?» አለኝ። መቼም በሚቀጥለው ጊዜ ብዬ ልመልስለት ነበር። የሚቀጥለው መክፈቻ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

ኦገስት 3፣ ቮሂማራ

ደረስን። ራዛፊ ከሩቅ መኪናዋን አይታ እየሮጠች መጣች። መሪው ላይ እኔን ስታይ ቆመች። ከዚያ ሱሉፉ በበሩ ተደግፎ ሲወርድ አየችውና የኩታዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። እሱን አቀፈችው። እኔን ጨበጠችኝ። ቀድሞ ታቅፈኝ ነበር፤ ዛሬ እጇ ዱቄት ነክቶት ነበር።

ኦገስት 5

በጧት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። የሱሉፉ አጎት ራፋራላሂ በሰሜን ምሥራቅ፣ የአባቶች ጥግ በሚባለው በኩል ተቀመጠ፤ ሌሎቹ በዕድሜያቸው ተራ። እኔን በደቡብ በኩል፣ በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ብርሃን ያለው እዚያ ስለሆነ ተመችቶኛል።

ራፋራላሂ እንደ ወጉ ይቅርታ ጠይቆ ጀመረ፤ ከእሱ የሚበልጡ እያሉ በመናገሩ፣ በዕድሜው፣ በድምፁ መድከም። ደግ ሽማግሌ ነው፤ አልዋሽም። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ልጃችን ሱሉፉ ከአያቱ ጎን ቦታ አለው። ቦታው እየጠበቀው ነው። የሚስቱን ሰዎች ግን ጠርተን የሚሰማን አጣን። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ሰዎችን ከአባቶቻችን ጋር አናስተኛም። ከእነሱ ያገባም እነሱን ይከተላል፤ ይህን እኔ አላመጣሁትም፣ እንዲሁ ሆኖ ነው የተሰጠኝ። ልጄ፣ ምን ትላለህ?»

እኔ ተነሣሁ። ሴት በዚያ ቦታ አትነሣም። 

«አባቶች፣ አትድከሙ» አልኩ። «እኔና ሱሉፉ ተለያይተናል። ከተለያየን ቆየን። መኪናውን የሚነዳለት አጥቶ ነው እኔ የመጣሁት።»

 ራፋራላሂ ወደ ሱሉፉ ዞሮ «እውነት ነው?» አለው።

ሱሉፉ ምንጣፉን አየ። ሳል ይዞት ነበር። ሳሉ ባይይዘው ኖሮ አንድ ነገር ይል ነበር። ሽማግሌው ጥቂት ጠበቀና «እንግዲያው ቦታው የእሱ ነው» አለ። ሁሉም ተነፈሱ።

በገዛ ፈቃዴ ነው ያደረግኩት። ማንም አልጠየቀኝም። ሱሉፉም አልጠየቀኝም። ይህን እዚህ ላይ አጥብቄ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ኦገስት 12

ዛሬ መቃብሩ ተከፈተ። የትንፋሽ መሣሪያ ነፊዎቹ ከሌላ መንደር መጥተዋል። እኔ የቤተሰቡ ስላልሆንኩ ከማዕድ ቤት ሴቶች ጋር ሩዝ ስለቅም ዋልኩ። ከበሩ ላይ ግን ይታያል።

የአባቱን አጽም በአዲሱ ሐር ጠቅልለው ለሱሉፉ አስያዙት። ሰባት ጊዜ ሲዞሩ አብሮ ዞረ። ሁለት የወንድም ልጆች ከግራና ከቀኝ ደግፈውታል። ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ፤ የዚያን የድሮውን ሹፌር ፊት አየሁት። ደስ አለኝ። በእውነት ደስ አለኝ።

ራዛፊ ሰሐን ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ሠላሳ ዓመት ያልተፋታችሁ በአንድ ጧት ተፋታችሁ?»

«ቆይቷል አልኩ እኮ።»

«ጧት የጫማውን ክር ስታስሪለት አየሁሽ። እንዲህ ያለ ፍቺ ለእኔም በደረሰኝ!»

ሩዙን ቀና ሳልል ለቀምኩ። እሷም ከፊቴ አንድ እፍኝ ዘገነችና አብራኝ ትለቅም ጀመር። ድንጋይ የለበትም ነበር፤ ሁለታችንም ተለቅሞ ያለቀ ሩዝ ነበር የምንለቅመው።

«አፌን አልከፍትም» አለች በመጨረሻ። «የእኔ ቦታ ከእሱ ግርጌ ነው። ወንድሜን እዚያ ላገኘው እፈልጋለሁ። አንቺም ልቀቂው።»

«ለቅቄዋለሁ» አልኳት።

ኦገስት 16

ከኢሁሲ ወጥተን ሜዳው ላይ ነን። ቢጫ ሣር፣ ሰማይ፣ ሌላ ምንም የለም። አራተኛ ማርሽ።  ከመንደሩ ከወጣን ወዲህ ሱሉፉ ዝም ብሏል፤ ብዙ ሰው ስለተቀበለው ደክሞት ነው።

መንገደኛ እየተመኘ ድንጋይ የሚከምርበት ቦታ ቆምን። እሱም አንድ ድንጋይ ወረወረና «ምን ተመኘሽ?» አለኝ። «ጎማ እንዳይፈነዳ» አልኩት። አልሳቀም።

ኦገስት 20፣ ቱሊያራ

ባሕሩ!

እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሰማያዊ ነው ይሉ ነበር፤ አንድ ሰማያዊ መስሎኝ። ከሩቁ ሌላ፣ ከቅርቡ ሌላ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲስቡበት ደግሞ ወተት የመሰለ። ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ጮኽኩ መሰለኝ። የዓሣ አጥማጆቹ ሴቶች ፊታቸው ላይ ከፀሐይ የሚከልል ቢጫ የእንጨት ቅባት ተቀብተው ቆመው ይስቁብኛል። አንዷ «እማማ፣ አይዞሽ፣ አይበላሽም!» አለችኝ።

ሱሉፉ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ልጅ ባለመውለዳችን የተጸጸትኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ ግን እንዲያ ሲያየኝ ሌላ ሰው አላማረኝም።

ኦገስት 24

ጧት ውሃው ዳር ይዤው ወጣሁ። እግሩን ማዕበሉ እየነካካው ቆየ። ከዚያ እንዲህ ተባባልን፤ ቃል በቃል ልጻፈው፣ ነገ እንዳላቃናው።

«ሳል አልያዘኝም» አለ።

«መቼ?»

«ያን ቀን። ራፋራላሂ ሲጠይቀኝ።»

«ይዞህ ነበር፣ እኔ ሰምቻለሁ።»

«አልያዘኝም ሳሁንድራ። ከተናገርሽ በኋላ ነው ያሳልኩት፣ ላለመናገር። ቦታዬን ፈለግኩት። ስትነሺ ልቤ 'ተመስገን' አለ። እግዜር ይይልኝ፣ እንደዚያ ነው ያለው።»

አሸዋውን በእግሬ ቆፈርኩ።

«ጨጓራዬም አይደለም» አለ። «ሐኪሙ ወር ነው የሰጠኝ፣ ቢበዛ ሁለት። መኪና መንዳት ለምን ያስተማርኩሽ ይመስልሻል?»

«አውቃለሁ» አልኩት። አውቅ ነበር? ይህን ደብተር መልሼ አነበብኩት። አውቅ ነበር። ሱሉፉ ሊሞት ነው። ጻፍኩት፤ ወረቀቱ አልተቀደደም።

«ተመልሰን እዚያ ቤት እንገባለን። ያላልኩትን እላለሁ» አለኝ።

«ምን ልታተርፍ? አንድ ጊዜ አልቋል። ቦታህን ይዘሃል።»

«በውሸት ሚስቴን ከፍዬ ነው የያዝኩት።»

«የከፈልኩት እኔ ነኝ! የራሴን ነው የከፈልኩት!» ብዬ ጮኽኩበት። ሴቶቹ መረባቸውን ትተው አዩን።

ኦገስት 27

አልሄድም አልኩት። እሱ ግን ሄጄ እናገራለሁ አለ። ማን ይነዳለት? እንደዚያ ሳስብ ራሴን ታዘብኩት።

ምንም አልበላ አለ፤ ከዓሣው ሾርባ ሦስት ጉንጭ።

ኦገስት 30

ከራኑሂራ ተነሥተን ቀኑን ሙሉ ነዳሁ። ትኩሳት አለው። ወንበሩን አጋድሜ ነጠላዬን አለበስኩት፣ ዓይኑን ጨፍኗል።

ወደ ቮሂማራ የሚያስገባው መገንጠያ ከግራ ነው። ከሩቅ ታየኝ። በልቤ የነበረውን ሁሉ ልጻፍ። ዝም ብዬ ባልፍ አይነቃም። ባይነቃ አይናገርም። ባይናገር ከአያቱ ጎን ይተኛል፤ ያ በሰባት ዓመቱ ያሳዩት ቦታ የእሱ ይሆናል። በየዘጠኝ ዓመቱ ያወጡታል፣ ሐር ያለብሱታል፣ በትከሻቸው ይዘውት ይዞራሉ። በእኔ ምክንያት ይህን ሁሉ ሊያጣ ነው? እኔ አፈር ለምጃለሁ፤ ሰዎቼ ሁሉ አፈር ውስጥ ናቸው። እሱ ግን አልለመደም።

ፍሬን አልነካሁም። መገንጠያው አለፈ።

ትልልቆቹን አለቶች አልፈን እየወረድን ሳለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ሁለት ድልድይ፣ አንድ ዳገት፣ አሁን ደግሞ የባሕር ዛፍ ሽታ» አለ። «አልፈሽዋል።»

ማርሽ ሳልቀይር ነዳሁ።

«ዙሪ።»

«መንገዱ ጠባብ ነው፣ ማዞር አልችልም።»

«ኋላ ማርሽ አስተምሬሻለሁ።»

«ሱሉፉ፣ እባክህ...»

«የእኔ ቦታ ነው አይደል? ልተወው ብል የእኔ አይደለም?» ዓይኑን ገለጠ። «አንቺ ስትሰጪ ማንም አልከለከለሽም። እኔንም አትከልክዪኝ።»

መንገዱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ለቀቀብኝ። ሱሉፉ በመስኮት ክንዱን አውጥቶ እንዲያልፍ ምልክት ሰጠው። ከዚያ አዞርኩ። በአምስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ። አንድም ጊዜ ሞተር አልጠፋብኝም።

ኦገስት 31

ራፋራላሂ ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘነው። ሱሉፉ ግባ ቢባል አልገባም፤ ተቀመጥ ቢባል አልተቀመጠም። ትከሻዬን ይዞ ቆመ። ራዛፊ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን ሳታወርድ ቆማ ቀረች።

«ይቅርታ ጠይቄ ንግግር ለማሳመር ጉልበት የለኝም» አለ። «ሳሁንድራ ሚስቴ ናት። አንድ ቀን አልተለያየንም። መቃብር የላትም፤ ስታገባኝም አልነበራትም፤ የሰሜኑን መንደር የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እሷ የማትገባበት ቦታ የእኔ አይደለም።»

 ሽማግሌው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ አሞሃል። ትኩሳቱ ነው የሚያናግርህ። እኛም አልሰማንም» አለ።

መውጫ ሰጠው። ራዛፊ በዓይኗ ስትለምነው አየኋት። እኔም፣ እግዜር ያውቃል፣ እንዲቀበለው ጸለይኩ።

ሱሉፉ ሳቀ። «ያን ቀን ዝም ያልኩትን እሷ ሳል ይዞህ ነው አለችኝ። ዛሬ አንተ ትኩሳት ነው ትላለህ። ሁላችሁም በሽታ ትመርጡልኛላችሁ! የያዘኝን እኔ አውቀዋለሁ። ይህን የምናገረው ግን በጤናዬ ነው።»

«እንግዲያው ቦታው ይዘጋል።»

«ይዘጋ።»

ራፋራላሂ በከዘራው ተደግፎ ተነሣና ወደ ቤት ገባ። በሩን አልወረወረውም፤ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ውስጥ ሲያለቅስ ይሰማል።

ራዛፊ እስከ መኪናው ተከተለችን። በጡጫ ደረቱን መታችው፤ በዚያ ባለቀ ደረቱ ላይ። «ደደብ! ማን ያወጣሃል? ማን ያለብስሃል? እኔ የት ሄጄ ነው የማገኝህ?» እሱ ራሷን አቅፎ ዝም አለ። ወደ እኔ ዞረች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ከራሷ ትከሻ ላይ ኩታዋን አውጥታ በመስኮቱ ጉልበቱ ላይ ጣለችለትና፣ «ሌሊት ይበርደዋል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩን ነው የሚበርደው» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ታውቂያለሽ» አለች።

ሴፕቴምበር 6

ቤታችን ገባን። ጎረቤቴ መሪው ላይ አይታኝ እልል ልትል አፏን ከፍታ ሱሉፉን ስታይ ዘጋችው። አቅፋ ወደ ቤት አስገባችልኝ። ምንም አልጠየቀችም። እሷ እንኳን!

ሴፕቴምበር 15

ሱሉፉ አባቴ ያለበትን ልየው አለ። መኪናዋን እስከ ማሳው ድረስ አስጠጋኋት። ወንድሜ ቤራ ወንበር አወጣለትና ጃንጥላ ያዘለት። ሩዝ ለመትከል ማሳውን እያዘጋጁ ነው፤ ውሃው ገብቷል፣ እንቁራሪት ይጮኻል።

ከአባቴ ራስጌ ደረቅ መሬት አለ። ቤራ በገመድ ለካው፣ በአራት እንጨት ምልክት አደረገበት። ሱሉፉ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ወደ ውሃው አታስጠጋው፣ የሹፌር ወገብ እርጥብ አይችልም» እያለ ያዘዋል።

ቤራ ጨርሶ ላቡን ጠረገ። አንድ ነገር ከንክኖታል፤ ወንድሜን አውቀዋለሁ። «ጋሼ ሱሉፉ፣ አትቆጡኝና» አለ፣ «የደቡብ ሰዎች አጥንታቸውን ሜዳ ላይ አይተዉም ይባላል። ዛሬ ተቆጥተዋል። አንድ ቀን ቁጣቸው ሲበርድ መጥተው ቆፍረው ቢወስዱዎትስ? እህቴ ብቻዋን ልትቀር ነው።»

ይህን እኔም አስቤው አውቃለሁ። የራዛፊን ፊት ያየ ሰው ያስበዋል።

ሱሉፉ ትንሽ አሰበበት። «እሷ እስክትመጣ ብቻዬን ጠቅልሉኝ» አለ። «ስትመጣ ፍቱኝና ሁለታችንንም በአንድ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ እሰሩን። አጥንት ከአጥንት ይቀላቀል። ከዚያ መጥተው የቱ የእኔ፣ የቱ የእሷ እንደሆነ ይለዩና ይውሰዱ።»

ቤራ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። «እንግዲያው እኮ» አለ፣ «እዚያ መቃብር አትገባም ያሏትን ራሳቸው ተሸክመው ያስገቧታል!»

«ተሸክመው ብቻ?» አለ ሱሉፉ። «ሰባት ጊዜ እየዞሩ፣ እየጨፈሩ ነው እንጂ!»